የእሑድ ምሳ ሒሳብ ከሰቆጣ ወዴት ይሄዳል?

ዕለቱ እሑድ ነው። ቅዳሴ አልቆ ምእመናኑ ነጠላቸውን እንደለበሱ ወደ ከተማ ይመለሳሉ። ሰቆጣም እንደ ማንኛውም የወረዳና የዞን ከተማ ናት። በዚህ ሰዓት የሰፈር ካፌዎቿ የፕላስቲክ ወንበሮቻቸውን ደጃፍ ላይ ያወጣሉ፤ ከጓዳ የሽሮ ሽታ ይመጣል፤ የቡና ጢስ ይከተላል።

አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባት መምህር ነው። እናት የቤት እመቤት ናት። ሁለት ልጆች አሏቸው። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ የተበላው ተበልቶ፣ እሑድ ምሳ ውጪ ይበላል ተብሏል። ልጆቹ ከዓርብ ጀምሮ ሲጠብቁት የቆዩት ቀን ነው። አስተናጋጇ መጥታ "ምን ልታዘዝ?" ስትል፣ አባት መልስ ከመስጠቱ በፊት ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር ይሄዳል። ሽሮ ሁለት፣ ጥብስ አንድ፣ ለልጆቹ ለስላሳ። ጥብሱ ለአራት ይከፈላል። እናት ለራሷ ምንም አላዘዘችም፤ "እኔ ከናንተ እቆርሳለሁ" ብላለች።

ይህች "ከናንተ እቆርሳለሁ" የምትል አነጋገር በየትኛውም የኢኮኖሚ ሪፖርት ውስጥ አትገኝም። ሆኖም የአንድ ቤተሰብ ኪስ የደረሰበትን ደረጃ ከብዙ ሠንጠረዥ ይልቅ የምትናገር እሷ ናት። ስለሆነም በዛሬው የገበያ ዓምዳችን ይህን ገበታ እንቀርባለን። ሒሳቡ ስንት ነው? ለምን ጨመረ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከተከፈለ በኋላ ብሩ ወዴት ይሄዳል?

ውጪ መብላት ነውር በነበረበት ጊዜ

በገንዘብ ምግብ ገዝቶ መብላት በአገራችን የቆየ ልማድ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ሲል እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ሲከፍቱ፣ መኳንንቱ "እንዴት ምግብ በገንዘብ ይበላል?" ብለው እንዳፈሩ ይነገራል። ያን ጊዜ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው ምሳሌ በመሆን ሰዉን እንዳላመዱትም ይተረካል። ምግብ ለእንግዳ የሚቀርብ እንጂ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም።

ሰቆጣ ግን ለገበያ አዲስ አይደለችም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ የሚጫነው አሞሌ ጨው ወደ መሐል አገር ሲጓዝ ከሚያርፍባቸው ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። በዚያ ዘመን ያለፉ የውጭ ተጓዦችም ስለ ገበያዋ ጽፈዋል። የጨው ነጋዴው ዘመን አልፏል። የዛሬዋ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ካፌዎችን በዋነኛነት የሚያቆማቸው ደመወዝተኛው ነው፤ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ የእርዳታ ድርጅት ተቀጣሪው። ስለዚህ የእሑዱን ምሳ ለመረዳት ከደመወዝ ፔሮል መጀመር ግድ ይላል።

ፔሮሉ ምን ይላል?

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4 ሺህ 760 ብር ወደ 6 ሺህ ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደግሞ ከ6 ሺህ 940 ብር ወደ 11 ሺህ 500 ብር ከፍ ብሏል። የምሩቁ ጭማሪ በመቶኛ ሲሰላ ወደ 66 ከመቶ ይጠጋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ትልቅ ነው።

እስቲ እጅ ላይ የሚደርሰውን እናስላ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ማዕቀፍ ከ11 ሺህ 500 ብር ላይ 2 ሺህ 100 ብር ግብር ይቀነሳል። የጡረታ መዋጮው 7 ከመቶ በመሆኑ ሌላ 805 ብር ይሄዳል። የቀረው 8 ሺህ 595 ብር ነው። ዕድር፣ ዕቁብና ብድር ገና አልተነኩም።

አሁን የእሑዱን ምሳ እናስገባ። ለስሌት ያህል አራቱ ሰዎች የበሉትና የጠጡት በድምሩ 600 ብር ነው እንበል፤ አንባቢ በሰፈሩ ዋጋ ሊተካው ይችላል። በወር አራት እሑድ ቢወጡ 2 ሺህ 400 ብር ነው። ይህም ከተጣራው ደመወዝ 28 ከመቶ መሆኑ ነው። በሰላሳ ቀን ውስጥ ለአራት ምሳ ብቻ ከሩብ ደመወዝ በላይ! እናትም ደመወዝተኛ ብትሆንና እኩል ብታገኝ ድርሻው ወደ 14 ከመቶ ይወርዳል። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ቢወጡ ደግሞ በአንድ ደመወዝ 7 ከመቶ ነው። እንግዲህ "በየሳምንቱ" የነበረው "ደመወዝ የወጣ ሰሞን" የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርንስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 የቤተሰቦችን ወጪ መርምሮ፣ ቤተሰብ በደኸየ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚያውለው ድርሻ እንደሚጨምር አሳይቶ ነበር። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች እስከ ዛሬ "የኤንግል ሕግ" እያልን እንማረዋለን። ለምግብ ከሚወጣው ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው ውጪ የሚበላው ነው። ለዚህ ነው የእሑድ ካፌ ወንበር የከተማዋ ቴርሞሜትር የሚሆነው።

ዋጋውን ማን ሰቀለው?

ደንበኛ ሁልጊዜ ባለካፌውን ይወቅሳል። ባለካፌው ነጋዴውን፣ ነጋዴው ሾፌሩን፣ ሾፌሩ ማደያውን ይወቅሳል። ሁሉም ከፊል እውነት አላቸው።

ሰቆጣ ከአዲስ አበባ በ700 ኪሎ ሜትር አካባቢ ርቀት ላይ ትገኛለች። ከዋናው የአዲስ አበባ-መቀሌ መንገድ ጋር የምትገናኘው በኮረም በኩል ሲሆን፣ በሌላ አቅጣጫ ደግሞ በላሊበላ ዞሮ ወደ ወልድያ መውጣት ይቻላል። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ ዋግ ኽምራ ሲዘልቅ ከተማዋ ለወራት በጦርነት ውስጥ ቆይታለች፤ መንገድ ተዘግቷል፣ መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቷል፣ ተፈናቃይ ተጠልሎባታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የጭነት መኪና የሚሄድበትንና የማይሄድበትን ቀን እርግጠኛ እንዳይሆን አድርጎታል። ለነጋዴ እርግጠኛ አለመሆን ራሱ ወጪ ነው። መኪና ሦስት ቀን ሲቆም አበሉም፣ የሚበላሸው ሽንኩርትም፣ የብድሩ ወለድም ሽሮው ላይ ይደመራሉ።

በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተወስኗል። ከዚያ ቀን በፊት 57 ብር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋም መቶን ተሻገረ። ዘይትና ስኳር ከውጭ ሲገቡ፣ የጭነት መኪናው ጎማና መለዋወጫም ሲገባ፣ የምንዛሪው ለውጥ እስከ ሰቆጣ ጓዳ ድረስ ይሄዳል። ተመዝጋቢ የሆነ ምግብ ቤት ደግሞ 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከደንበኛው ይሰበስባል።

ባለካፌዎቹ ለዚህ የሰጡት መልስ በየከተማው አንድ ዓይነት ነው። ዋጋ ከመስቀል በፊት እንጀራ ይሳሳል። ከዚያ ሳህኑ ያንሳል። ከዚያ ጥብሱ ውስጥ ሽንኩርቱ ይበዛል። ዋጋው ዝርዝሩ ላይ የሚቀየረው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ "ዋጋው አልጨመረም" ሲባል የሳህኑን ዙሪያ መለካት ብልህነት ነው።

ከሳህኑ ወደ ኪስ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ቤተሰቡ 600 ብር ከፍሎ ወጣ። ብሩ ወዴት ሄደ?

ለስላሳውን እንውሰድ። ጠርሙሱም፣ ስኳሩም፣ ማጓጓዣውም ከዞኑ ውጪ የመጣ ነው። ሰቆጣ የሚቀረው የአከፋፋዩና የካፌው ትርፍ ብቻ ነው። የታሸገ ውኃም እንዲሁ። ሽሮ መሐል ላይ ይቆማል። አተርና ባቄላው ከደጋዎቹ ከደሃናና ከጋዝጊብላ ሊመጣ ይችላል፤ ዘይቱ ግን ከሩቅ ነው፤ ሽንኩርቱ እንደ ቆቦና ፎገራ ካሉ የመስኖ አካባቢዎች ይጫናል። ማኪያቶ ወተቱ የአካባቢው፣ ቡናውና ስኳሩ የሌላ ነው። ጥብሱ ግን፣ በተለይ የፍየል ከሆነ፣ ከበግና ፍየል ተራ ጀምሮ እስከ ምጣዱ ድረስ አብዛኛው የዋግ ነው።

ኢኮኖሚስቶች "ማባዣ" የሚሉት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከተከፈለው ከእያንዳንዱ ብር ውስጥ 30 ሳንቲሙ ብቻ እዚያው አካባቢ መልሶ ወጪ ቢሆን፣ የ600 ብሩ ምሳ እየዞረ እየዞረ በድምሩ ወደ 857 ብር የሚጠጋ ግብይት ይፈጥራል፤ ከዚያ ይነጥፋል። 60 ሳንቲሙ እዚያው ቢቀር ግን ያው 600 ብር 1 ሺህ 500 ብር ግብይት ያንቀሳቅሳል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ በጥናት የተለኩ አይደሉም። መልእክታቸው ግን ግልጽ ነው፤ የቤተሰቡ ኪስ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር፣ የታዘዘው ነገር በመለየቱ ብቻ የአካባቢው ገበያ በእጥፍ ሊጠጋ በሚችል መጠን ይለያያል።

ዝቋላ፦ የፍየሉና የዓሣው አገር

ዝቋላ ሲባል ብዙው አንባቢ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን የዝቋላ አቦ ገዳም ያስባል። የምንናገረው ግን ስለ ዋግ ኽምራው ዝቋላ ወረዳ ነው። ዋና ከተማው ጽጽቃ የሆነ፣ ወደ ተከዜ ወንዝ የሚወርድ ቆላ ነው። ዝናቡ አጭር ነው፤ ማሽላ ይዘራል፤ የቤተሰብ ሀብት በዋነኛነት ፍየል ነው። የአበርገሌ ፍየል በመባል የታወቀው ዝርያ የሚረባው በዚህ በተከዜ ተፋሰስ ሲሆን፣ የሰቆጣ ደረቅ አካባቢ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዝርያው ላይ ሠርቷል። የዋግ ማርም ስሙ የታወቀ ነው።

ለዝቋላ አርቢ ፍየል ባንኩ ነው። እህል ሲያልቅ አንዱን አውጥቶ ይሸጣል፣ ማሽላ ይገዛል። ስለዚህ ለእሱ ዋናው ዋጋ ፍየሉ በብር ስንት እንደሚያወጣ ሳይሆን፣ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ማሽላ እንደሚገዛ ነው። ድርቅ ሲመጣ ይህ ልውውጥ በሁለት በኩል ይበላሻል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ የከሳው ፍየል ዋጋ ይወድቃል፤ እህል ስለጠፋ ማሽላው ይወደዳል። በ2008 ዓ.ም. እንዲህ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ድርቅም ዝቋላ፣ ሰሃላና አበርገሌ ክፉኛ ከተጎዱት ወረዳዎች መካከል ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ሳምንታት እሑድም ቢሆን ሥጋ አይበላም፤ ካፌው ወደ በየአይነቱ ይዞራል፣ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። ይህ ወቅት የቆላው ጎተራ መጉደል የሚጀምርበት ወቅትም ነው። ማለትም አርቢው ለመሸጥ በሚቸገርበት ጊዜ የከተማው ገዢ ይጠፋል፤ ፋሲካ ዋዜማ ላይ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን ይፈልገዋል። አቅሙ ያለው ዋዜማውን ይጠብቃል። የሌለው ቀድሞ በርካሽ ለነጋዴ ያስረክባል፤ የዋዜማውን ትርፍ የሚያገኘው ነጋዴው ይሆናል።

ሌላው የዝቋላ ሀብት ውኃ ውስጥ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ከኋላው የተኛው ሐይቅ በዋግ በኩል አበርገሌን፣ ዝቋላንና ሰሃላን ይነካል። ከድርቅ በቀር ሌላ ሲነገርለት የማይሰማ አገር ውስጥ ቆሮሶና አምባዛ የሚጠመድበት ሐይቅ ተፈጠረ፤ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ማጥመድ ያዙ። ዓሣ ግን ፍየል አይደለም፤ በእግሩ ገበያ አይሄድም። በቆላ ሙቀት በረዶ ከሌለ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። በረዶ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ደግሞ በጦርነቱ ወቅት ምን እንደደረሰበት ከላይ ተናግረናል። ሐይቁም የጦር ግንባር አካባቢ ሆኖ ቆይቷል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሃይማኖት አባቶች እንተወው፤ በፍስክ እሑድ እንኳ ዓሣው ከተከዜ ሰቆጣ ምሳ ሰዓት ላይ ትኩስ እንዲደርስ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ያስፈልጋል።

"ታዲያ ፍየሉ ወደ ውጪ ቢሸጥ ምን ችግር አለው?" የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዞኑ የሚወጣ ፍየል ለዞኑ ብር ያስገባል፤ የሞጆና የቢሾፍቱ ኤክስፖርት ቄራዎች የፍየል ሥጋ ለዓረብ አገሮች ሲልኩም ለአገር ዶላር ያመጣሉ። ችግሩ መሸጡ አይደለም። አሥር ፍየል ያለው ሰው የጭነት መኪና መሙላት አይችልም፤ ስለዚህ በአንድ ነጋዴ ፊት ብቻውን ይቆማል። ቅርብ ከተማ ውስጥ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ፍየል የሚገዙ አሥር ካፌዎች ካሉ ግን "ካልሆነ ወደ ሰቆጣ እወስደዋለሁ" የሚልበት ሁለተኛ በር አለው። ተደራዳሪነት የሚመጣው ከሁለተኛ በር ነው።

የልጆቹ ሳህን

የሰቆጣ ስም ከምግብ ጋር በዓለም መድረክም ተያይዟል። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" የተባለውን ይፋ አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማስወገድ ቃል ገብቷል። ያን ያህል ቃል የተገባበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 ከመቶ የሚሆኑት ከዕድሜያቸው ቁመት ያነሱ ነበሩ። በአማራ ክልል ድርሻው 46 ከመቶ ነበር።

እርግጥ መቀንጨር የሚወሰነው በእሑድ ምሳ አይደለም። ልጁ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ በእናቲቱ ምግብ፣ በንጹሕ ውኃ፣ በሕክምና ነው። ካፌ መግባት የማይችለው፣ በሴፍቲኔት የሚረዳው የገጠር ቤተሰብ የበለጠ ተጎጂ መሆኑም የታወቀ ነው። ሆኖም የካፌው ገበታ የሚያስተምረው ነገር አለ። ከዚያ ገበታ ላይ ለልጆቹ የታዘዘው ለስላሳ ስኳር እንጂ ሌላ ብዙ ነገር አይሰጣቸውም፤ በዚያው ብር ከከተማዋ ጓሮ የመጣ እንቁላል ወይም አንድ ብርጭቆ ወተት ማዘዝ ቢቻል ልጁም ዶሮ አርቢዋም ይጠቀማሉ። ይህን የምንለው በአባት ላይ ለመፍረድ አይደለም። ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ለስላሳ ቢጠይቅ ምን ይደንቃል? ጉዳዩ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ እንቁላሉና ወተቱ መኖራቸውና ከለስላሳው አለመወደዳቸው ነው።

ከማን ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያ ከባለካፌው። ሁለት ሦስት ሆነው ከአርቢ ማኅበር በቀጥታ ለመግዛት ቢስማሙ የመሐል ትርፉ ለሁለት ይከፈላል። የማሽላ እንጀራን እንደ ድህነት ምልክት ከጓዳ መደበቅ ትቶ ከፍየል ጥብስ ጋር በዝርዝሩ ላይ ማስፈር፣ ስኳር ከሚበዛበት ለስላሳ ጎን የማር ብርዝ ማቅረብ ካፒታል የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛ ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከእርዳታ ድርጅት። የሰቆጣ ካፌዎች ትልቁ ደንበኛ እሑድ የሚመጣው ቤተሰብ ሳይሆን ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥልጠናና ስብሰባ የሚያደርገው ቢሮ ነው። ስብሰባ ላይ የታሸገ ውኃና ብስኩት ከሩቅ አስጭኖ፣ በዚያው ስብሰባ ላይ ስለ አካባቢ ገበያ ትስስር ጽሑፍ ማቅረብ አያምርም። የግዥ መመሪያው በሚፈቅደው መጠን የሻይ ዕረፍቱ ከዋግ ቆሎ፣ ማርና ወተት ይሁን።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ ሰላምና መንገድ። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ከተከዜ ዳር ተነስቶ በሰዓቱ ሰቆጣ የማይደርስ ከሆነ፣ ከላይ የደረደርነው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

እስከዚያው ቤተሰቡ በልቶ ጨርሷል። ልጆቹ የጠርሙሱን ጥግ እየጠጡ ነው። አባት "ሒሳብ!" ብሎ ተጣርቷል። አስተናጋጇ ደረሰኙን ስታመጣ እናት ከሳህኑ የቀረችውን ጥብስ በእንጀራ ጠቅልላ ለትንሹ ልጅ አጎረሰችው። እሷ ምሳዋን ቤት ገብታ ትበላለች። በአገራችን "በልተናል" የሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ነው፤ ከውስጡ ያልበላውን ሰው ይደብቃል። የሚቀጥለው ደመወዝ ሲወጣ እሷም የራሷን ሳህን የምታዝዝ ከሆነ፣ የዝቋላውም አርቢ ከዚያች ሳህን ድርሻው የሚደርሰው ከሆነ፣ ያን ቀን የሰቆጣ ገበያ ተሻሽሏል ብለን ያለ ጥርጥር እንጽፋለን።